የዶኛ ሄርሲሊያ ዝቅዝቅ ሊሊዎች

ከሁሉ በፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ኒካኖር እባላለሁ፤ በበቅሎ እየዞርኩ ወተት የማድል ሰው ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። እስክሪብቶ ስይዝ እጄ ላም ከማለብ የበለጠ ይደክመዋል። ስለ መንደራችን ወይዘሮ ስለ ዶኛ ሄርሲሊያ የሚጽፍ ሰው አይጠፋም ብዬ ብዙ ጠብቄ ነበር። መጻፍ የሚችሉት ግን ስለ ጄኔራልና ስለ ጳጳስ ነው የሚጽፉት። እሳቸውን የሚያህል ሰው እንዲያው ዝም ተብሎ ከሚቀር፣ ተሳስቶም ቢሆን ይጻፍ አልኩ። ያጠፋሁት ቃል ካለ እናንተው አርሙት። ለእኔ ግን አትንገሩኝ፣ አፍራለሁ።

መንደራችን ላ ኔብሊና ተራራው ወገብ ላይ ናት። ጠዋት ጉሙ ከሰው ቀድሞ ይነሳል። ከጉሙ ቀጥሎ እኔ፣ ከእኔ ቀጥሎ ዶኛ ሄርሲሊያ። በራቸው ላይ ስደርስ ሁልጊዜ በረንዳው ላይ ተንበርክከው ነው የማገኛቸው። ሌላ ሰው ቢያያቸው የሚጸልዩ ይመስለዋል። እሳቸው ግን ከሊሊ አበባዎቻቸው ጋር እየተጣሉ ነው።

በረንዳው ላይ ተገዝቶ የመጣ የአበባ መትከያ አይታይም። የቀለም ቆርቆሮ አለ፣ ክዳኑ የጠፋ ድስት አለ፣ የሟች ባላቸው አንድ እግር ቦት ጫማ አለ፣ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ ነጭ ፖፖ አለ። አዎ፣ ፖፖ፤ አልጋ ሥር የሚቀመጠው። "ከታች ቀዳዳ ይኑረው እንጂ ዕቃ አይናቅም" ይላሉ። ሁሉንም በምስማር በስተውታል። "ሊሊ እግሩ ረጥቦ ከሰነበተ እንደ ሽማግሌ ነው፤ ይታመማል።"

ሊሊ ከዘር ሳይሆን ከራስ ነው የሚበቅለው። ራሱ ነጭ ሽንኩርት ይመስላል፤ ልጣጭ ግን የለውም፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ነው። ዶኛ ሄርሲሊያ በዓመት አንዴ ከአፈር ያወጡትና ልጆቹን ከእናቱ ለይተው መልሰው ይተክሉታል። አፈሩ የበሰበሰ ቅጠል፣ የወንዝ አሸዋና ያረጀ ፍግ ነው። ፍጉ የእኔ ድርሻ ነው። ከዚህ ታሪክ ውስጥ የምኮራበት ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

እንግዲህ በሰኔ የቅዱስ አንቶኒዮ በዓል ነው። የእንጨት ምስሉ በትከሻ ተይዞ መንደሩን ይዞራል። በአንድ እጁ ሕፃኑን ኢየሱስን ይይዛል፣ በሌላው ነጭ ሊሊ። በየቤቱ ያለው ሊሊ ብርቱካንማ ስለሆነ፣ ነጩ ሁልጊዜ የሚመጣው ከዶኛ ሄርሲሊያ በረንዳ ነው። ከእሳቸው በፊት እናታቸው ነበሩ የሚያመጡት። አበባ ያመጣ ሰው ከቅዱሱ ፊት ፊት ይሄዳል። በዓመት ውስጥ ዶኛ ሄርሲሊያ ጫማ የሚያስጠርጉት ለዚያች ቀን ብቻ ነው።

ሌላም ልማድ አለን፤ ቄሳችን አባ ሊሳንድሮ አይወዱትም። ባል የዘገየባት ልጃገረድ ወይም ከብት የጠፋበት ገበሬ ቤቱ ያለችውን ትንሿን የቅዱስ አንቶኒዮ ምስል ዘቅዝቆ በአናቷ ያቆማታል። "የለመንኩህን እስክትሰጠኝ ቀና አትልም" ይለዋል። ይፈጥናል ይባላል። ተዘቅዝቆ የሚመቸው ማን አለ?

ነገሩ የተጀመረው የበዓሉ ኮሚቴ በተሰበሰበበት ቀን ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ዶኛ ግሪሴልዳ ናቸው። ብዙ ዘመን ቦጎታ ኖረው የተመለሱ፣ ሁሉ ነገር ንጹሕ እንዲሆን የሚወዱ ሴት ናቸው። ከቦርሳቸው አንድ ረጅም ነገር አወጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። የፕላስቲክ ሊሊ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ያምራል።

"ይሄ አይጠወልግም" አሉ። "ሲቆሽሽ በሳሙና ይታጠባል።"

"ዶኛ ግሪሴልዳ፣ የፕላስቲክ አበባ የመቃብር ነው" አሉ ዶኛ ሄርሲሊያ። "ምነው፣ ቅዱሱን ሊቀብሩት ነው?"

"አምና የእርስዎ አበባ መንገድ ላይ ረግፎ ቅዱሱ ባዶ አገዳ ይዞ አልገባም? ቆመጥ የያዘ ፖሊስ መስሎ!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ እውነት ፖሊስ መስሎ ነበር። ዶኛ ሄርሲሊያ ግን ጆሯቸው ድረስ ቀሉ።

አባ ሊሳንድሮ ጭቅጭቅ አይወዱም። እጃቸውን አነሱና እንዲህ ብለው ፈረዱ፦ "በበዓሉ ዋዜማ፣ የሠርክ ጸሎት ደወል ሲደወል፣ የተከፈተ ነጭ ሊሊ ካለ ቅዱሱ እሱን ይይዛል። ከሌለ የፕላስቲኩን በሽቦ እናስርለታለን። ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም፤ ለዘለቄታው ነው።"

"ይሁን" አሉ ዶኛ ሄርሲሊያ። "አንድ እንኳ ማስከፈት ካቃተኝ ቤቴ እቀመጣለሁ። እናቴም በመቃብሯ ፊቷን ታዙርብኝ።"

መንደሩ ሁሉ ይህን ሰማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወተት ሳድል የሚጠይቀኝ ሰው በዛ። የወተቱን ነገር ትተው "ሊሊው እንዴት ነው?" ይሉኛል።

ሊሊውማ ገና አልተተከለም ነበር። ጥር ላይ ራሶቹ ከአፈር ወጥተው፣ ተለያይተው፣ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ተኝተው ነበር። ዶኛ ሄርሲሊያ ተጨማሪ አሸዋ ሊያመጡ ወንዝ ወረዱና አረንጓዴ ሽበት ባለበሰው አዳላጭ ድንጋይ ላይ ወደቁ። ወጌሻው የእጃቸውን አንጓ አሽቶ፣ አስሮ፣ "እስከ ፋሲካ ይህ እጅ እጅ አይደለም፤ እንግዳ ነው፤ ሥራ አያዙት" አላቸው።

ያኔ ነው ዶን አርሴንዮ የመጡት። ዶን አርሴንዮ አናጺ ናቸው፤ ሚስታቸው ከሞተች ቆይቷል። የዶኛ ሄርሲሊያን ልጅ ክርስትና ያነሱት እሳቸው ስለሆኑ ሁለቱ አበልጅ ናቸው። ልጁ ዛሬ ባሕር ዳርቻ ሥራ ላይ ነው። አበልጆቹ ግን በየቀኑ እንደተጣሉ ናቸው።

"አበልጅ፣ እኔ እተክለዋለሁ" አሉ ዶን አርሴንዮ። "ቆፍሮ መቅበር አይደለም? ድንች ማለት ነው።"

"ድንች አይደለም!"

"እሺ፣ ድንች አይደለም። እርስዎ ይረፉ።"

ዶኛ ሄርሲሊያ አልጋ ላይ ሆነው በመስኮቱ ትእዛዝ ይሰጣሉ። ከአልጋው በረንዳው አይታይም፤ ድምፅ ብቻ ነው የሚመላለሰው።

"ጠልቆ ይግባ!"

"ጠልቋል!"

"አፈሩን አይርገጡት!"

"ማን ረገጠ!"

"ለብቻው ይሁን፣ አይጨናነቅ!"

"አበልጅ፣ እየተከልኩ ነው ወይስ እየተመረመርኩ?"

እኔ ፍጉን አራግፌ ስወጣ ዶን አርሴንዮ እያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ጣታቸውን ስመው ያማትባሉ። ደግ ሰው ናቸው ብዬ ሄድኩ። ዶኛ ሄርሲሊያ ሁሉን ሲናገሩ፣ የራሱ ጫፍ ወደ ላይ ሥሩ ወደ ታች መሆኑን ግን አልተናገሩም። ይህን የማያውቅ ሰው ይኖራል ብለው አላሰቡም። ደግሞ ልክ ነበሩ፤ ዶን አርሴንዮ ያውቁ ነበር።

መጋቢት መጣ። የጎረቤት ብርቱካንማ ሊሊ ጣት ጣት አከለ። የዶኛ ሄርሲሊያ በረንዳ ላይ ግን አፈር ብቻ ነው።

"ኒካኖር" አሉኝ አንድ ጠዋት። "ናማ እዚህ። ጆሮህን ቆርቆሮው ላይ አድርግ።"

አደረግሁ።

"ምን ይሰማሃል?"

"ምን መስማት ነበረብኝ ዶኛ ሄርሲሊያ?"

"እኔ እንጃ። እኔ ምንም አልሰማ ስላለኝ ነው።"

ከዚያ ማንኪያ አመጡና በደህና እጃቸው ቦት ጫማውን ቀስ አድርገው መቆፈር ጀመሩ። ትንሽ እንደሄዱ ሥር አገኙ። ሥሩ ወደ ሰማይ ነው የሚያየው። ወደ ታች ሲጠርጉ ራሱ ተደፍቷል። ከተደፋው ጫፍ ነጭ ቡቃያ ወጥቶ፣ እንደ መንጠቆ ተቆልምሞ፣ ጎኑን ታኮ ወደ ላይ መውጫ ይፈልጋል። ዶኛ ሄርሲሊያ ማንኪያቸውን ይዘው ዞሩ። ቀጥሎ ድስቱን ቆፈሩ። እዚያም እንደዚያው ነው።

"ተከተለኝ" አሉኝ። "ምስክር ትሆናለህ።"

ወተቴን እንደያዝኩ ተከተልኳቸው። ዶን አርሴንዮ ጣውላ እየላጉ ነበር።

"አበልጅ! ራሶቼን ለምን ዘቀዘቁብኝ?"

ዶን አርሴንዮ መላጊያውን አስቀመጡ። አልካዱም። "እንዲፈጥኑ ብዬ ነው" አሉ።

"ምን?"

"ቅዱስ አንቶኒዮ ሲዘቀዘቅ ይፈጥን የለ? አበባውም የእሱ ነው። ቀኑ እንዳያልፍብዎት ብዬ..."

"እሱ እንጨት ነው! ይሄ ነፍስ አለው! እርስዎን በአናትዎ ባቆምዎት ይፈጥናሉ?"

"እንደ ምክንያቱ ነው" አሉ ዶን አርሴንዮ።

ዶኛ ሄርሲሊያ ሊመልሱ አፋቸውን ከፍተው ሳለ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ አረፈ። መደርደሪያው ላይ የዶን አርሴንዮ ቅዱስ አንቶኒዮ ተዘቅዝቆ በአናቱ ቆሟል። እግሩ ላይ የተኛው አቧራ ዓመታት የቆየ ነው።

"ይሄስ? ምን ጠፍቶብዎት ነው?"

"ላም" አሉ ዶን አርሴንዮ።

"ላም መቼ ነበረዎት?"

"ለዚህ እኮ ነው እስካሁን ያልተገኘችው።"

እኔ ወተቱን አየሁ። ሌላ የማየው ነገር አጣሁ። ዶን አርሴንዮ አንገታቸው ድረስ ቀልተዋል። ዶኛ ሄርሲሊያ ዓይናቸውን ከመደርደሪያው አነሡ። ቁጣቸውን ቀጠሉ፤ ግን ድምፃቸው ወርዶ ነበር።

"ታዲያ ላውጣና ላስተካክላቸው?" አሉ ዶን አርሴንዮ።

"እንዳይነኩ! አንገቱን ያዞረ ቡቃያ ሲነካ ይቀነጠሳል። ጨለማ ውስጥ ሆኖም ፀሐይ በየት እንደሆነች ያውቃል። ይመጣል፤ የሚመጣው ግን ዘግይቶ ነው። እርስዎ ደግሞ ቅጣት አለብዎት። በየጠዋቱ እየመጡ ዕቃዎቹን ወደ ፀሐይ ያዞራሉ።"

ዶን አርሴንዮ ቅጣታቸውን ፈጸሙ። በየጠዋቱ መጡ። ለቅጣት የሚመጣ ሰው ሸሚዝ ሲያስተኩስ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ሊሊዎቹ ብቅ ሲሉ ሚያዝያ እያለቀ ነበር። ቀጭን ናቸው፣ ሁሉም ጠማማ ናቸው፤ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ከመጠጥ ቤት የወጡ ይመስላሉ። ዶኛ ሄርሲሊያ አገዳው ሥር የበሰበሰ ቅጠል እየጨመሩ አቀፏቸው፤ ሊሊ ከአገዳውም ሥር ይሰዳል። የቅጠሉን ቅማል በሳሙና ውሃ አጠቡ። ቀንድ አውጣውን በአመድ አገዱ። ዶን አርሴንዮ የሸምበቆ ድጋፍ ቀረጹ። እምቡጥ መጣ፤ ግን አረንጓዴና ጠባብ ነበር። በሰኔ መጀመሪያ ደግሞ ጉሙ መንደሩ ላይ ተኛና አልነሳ አለ። ፀሐይ የለም። ዶኛ ግሪሴልዳ በረንዳው አጠገብ ሲያልፉ ሰላምታቸው ረዘመ።

"እንዴት አደሩ ዶኛ ሄርሲሊያ? ሽቦ ገዝቻለሁ።"

"እንኳን ገዙ። ለዶሮዎ ቤት ይሆናል።"

ይህን ይበሉ እንጂ ፊታቸው ከስቶ ነበር። አንድ ቀን ወተት ስቀዳላቸው ጫማቸውን ከሣጥን አውጥተው፣ አይተው፣ መልሰው ሲከቱት አይቻለሁ።

የዋዜማው ጠዋት ደረሰ። ከእምቡጦቹ ሁሉ ነጣ ያለው አንድ ብቻ ነው። እሱም ፖፖው ውስጥ ያለው ነው። ዶኛ ሄርሲሊያ ፖፖውን አቀፉና በአደባባዩ መሐል ወደ ሚሳኤል ዳቦ ቤት ገሰገሱ። ሚሳኤል ለበዓሉ ዳቦ ሲጋግር ምድጃው ቀኑን ሙሉ አይጠፋም፤ በመንደሩ ከዚያ የሚሞቅ ቦታ የለም።

"ሚሳኤል፣ ይሄን አስቀምጥልኝ። ምድጃው አጠገብ እንዳይሆን፣ ይቃጠላል። በሩም አጠገብ እንዳይሆን፣ ይበርደዋል።"

"ዶኛ ሄርሲሊያ፣ ዳቦ ቤት ፖፖ ይዘው ገቡ?"

"አፈር ነው ያለው። ዱቄትህን ሸፍን።"

ወሬው ወዲያው ተሰማ። ከሰዓት በኋላ ዳቦ የማይገዛ ሰው ሁሉ ዳቦ ቤት ነበር። እኔም በቅሎዬን በር ላይ አስሬ ገባሁ። ዶን አርሴንዮ ከሥራ ቤታቸው የባሉጥ እንጨት ቁርጥራጭ እያመጡ ለምድጃው ያቀብላሉ። ሰው በጆሮ ሹክ እየተባባለ ነው።

"ትንፋሻችሁን ቀንሱ!" ይላሉ ዶኛ ሄርሲሊያ።

"አይ፣ ትንፋሽ ያሞቃል፤ ተንፍሱ!" ይላሉ ዶን አርሴንዮ።

ዶኛ ግሪሴልዳ የፕላስቲክ ሊሊውን ብብታቸው ሥር ይዘው ገቡ። ጠጋ ብለው አዩ።

"በፖፖ የበቀለ አበባ ለቅዱስ?"

"የሚሄደው አበባው ነው" አሉ ዶኛ ሄርሲሊያ። "ፖፖው እቤቱ ይቀራል።"

ቀኑ ሲያዘቀዝቅ የእምቡጡ ጫፍ ተሰነጠቀ። እንደ ጫጩት አፍ ትንሽ ከፈት አለ። ሰው ሁሉ "አ!" አለ። እሱም እዚያው ላይ ቆመ። አልጨመረም። ያኔ ደወሉ ተደወለ።

አባ ሊሳንድሮን ጠሯቸው። የጸሎት ልብሳቸውን ለብሰው መጡ።

"አባ፣ ይሄ ተከፍቷል ይባላል?" አሉ ዶኛ ግሪሴልዳ። "አዛጋ እንጂ አልተከፈተም!"

"የሚያዛጋ አፍ ዝግ ነው እንዴ?" አሉ ዶኛ ሄርሲሊያ። "ኒካኖር፣ አንተ ተናገር፤ አንተ ታማኝ ነህ!"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

አባ ሊሳንድሮ ጎንበስ ብለው ትንሿን ጣታቸውን ወደ አበባው አፍ ከተቱ። ቀስ ብለው አስገቡ፣ ቀስ ብለው አወጡ። ጫፏ ቢጫ ሆናለች፤ የአበባው ዱቄት ነው። ጣታቸውን እያዩ አሰቡ፣ እያሰቡም አፍንጫቸውን አከኩ።

"ከተዘጋ ቤት" አሉ፣ "ማንም ሰው ዱቄት ተቀብቶ አይወጣም። ተከፍቷል።"

ዳቦ ቤቱ በጩኸት ተሞላ። ሚሳኤል ዳቦ አሳረረ። ዶን አርሴንዮ አበልጃቸውን ሊያቅፉ እጃቸውን ከዘረጉ በኋላ ፈርተው ሚሳኤልን አቀፉ። ዶኛ ግሪሴልዳ ግን አባን አተኩረው ያያሉ። የአባ አፍንጫ ቢጫ ነው። ማንም አልነገራቸውም። እንደዚያው ሆነው ወደ ጸሎት ሄዱ፣ እንደዚያው ሆነው ስለ ትሕትና ሰበኩ። በስብከቱ መሐል መጀመሪያ ሳቅ ያመለጣቸው ዶኛ ግሪሴልዳ ናቸው። ሳቃቸውን በፕላስቲክ ሊሊው ሸፈኑ።

በበዓሉ ዕለት አበባው ሙሉ ለሙሉ ፈንድቶ አደረ። ዶኛ ሄርሲሊያ ቅጠሉን ለራሱ ምግብ እንዲሆን ከታች ትተውለት አገዳውን ከላይ ቆረጡ፤ ቢጫውንም የቅዱሱን ካባ እንዳያቆሽሽ ለቀሙት። አገዳው ግን ጠማማ ስለሆነ ወደ ፊት አላይም አለ። ወደ ኋላ ዞሮ የቅዱሱ ጆሮ ሥር ገባ።

"ምን እያለው ነው?" አለ አንዱ ከሰልፉ።

"'ማነው የዘቀዘቀኝ?' እያለው ነው" አለ ሌላው።

ቅዱሱን ከተሸከሙት አንዱ ዶን አርሴንዮ ነበሩ፤ በሳቅ ሊጥሉት ምንም አልቀራቸው። ዶኛ ሄርሲሊያ ከፊት ፊት በተጠረገ ጫማ ይሄዳሉ። ወደ ኋላ አልዞሩም። ትከሻቸው ግን ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ከኋላ አይታወቅም።

በማግስቱ ጠዋት ሰው ሁሉ ገና ከበዓሉ አልነቃም። ዶኛ ሄርሲሊያ ከጉሙ ጋር ተነሥተው ወደ ሚሳኤል ዳቦ ቤት ሄዱ። ፖፖውን ከቀረው አገዳና ከቅጠሉ ጋር ጎናቸው ላይ አድርገው በአደባባዩ ተመለሱ። እኔ በቅሎዬን እየጎተትኩ ከኋላ ነበርኩ። አንድ ሰው ከመስኮት "ዶኛ ሄርሲሊያ፣ ሌሊቱ እንዴት አለፈ?" አላቸው። "ደህና፤ ይኸው ልደፋው ነው" አሉት።

የጸሎት ቤቱ ደረጃ ላይ ዶኛ ግሪሴልዳ የርችቱን ወረቀት ይጠርጉ ነበር። መጥረጊያቸውን ደገፍ አሉ።

"ዶኛ ሄርሲሊያ... በጥር ራሱን ሲከፋፍሉ አንድ ልጅ ቢተርፍዎት..."

ዶኛ ሄርሲሊያ ቆመው ከእግር እስከ ራሳቸው አዩዋቸው።

"ፖፖ አለዎት?" አሉ።

ከዚያ ቤታቸው ገቡ። ፖፖውን ከቦት ጫማው አጠገብ መልሰው አስቀመጡና አፈሩን በጣታቸው ነካ አድርገው ውሃ አጠጡት።